ከሽጉጡ የተለየ እጀታ፤ ስለ አሜሪካ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች የእንጨት መያዣ አመረማመር

ለታሪክ ምስክር ይሆናሉ ተብለው በየቤተ መዘክሩ የሚጠበቁ ዕቃዎች ሁሉ ሙሉ ሆነው ከዘመናችን አልደረሱም። ጦሩ ከሶማያው፣ ጎራዴው ከሰገባው፣ መጽሐፉ ከገበታው ተለይቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያውቁት፣ የአንድ መጽሐፍ የእንጨት ገበታ ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ሊሆን ይችላልና፣ የገበታው ዕድሜ ስለ ጽሕፈቱ ዕድሜ በቀጥታ አይመሰክርም። እዚህ የምናቀርበው ነገር ከሩቅ ሀገር የመጣ፣ ሲያዩትም እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ በ19ኛው ምእተ ዓመት ከተሠሩት ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ተነቅሎ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ለብቻው የሚሸጠው የእንጨት እጀታ ነው። ሽጉጡ ከጠፋ ወይም ከተለየ በኋላ ይህ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ እንጨት የየትኛው መሣሪያ፣ የየትኛው ዘመን፣ የየትኛውስ ባለቤት እንደ ነበረ ሊነግረን ይችላልን? ቢነግረንስ የትኛውን ቃሉን እንመን?

በዕቃው ላይ የሚታየው ምልክት ሁሉ እኩል አይታመንም። ገዢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያምኑት በውጭ የታተመውን የመንግሥት ማኅተም ነው። እኛ እንደሚመስለን ግን ጥቂት እምነት የሚገባው እርሱ ነው፤ የተሻለው ምስክር ማንም እንዲያየው ሳይታሰብ በውስጥ የቀረው ነው። ይህን አሳብ ለማስረዳት አስቀድሞ ስለ መሣሪያው አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምንናገርለት ሽጉጥ ከየተኩሱ በፊት መቺው ክፍል በአውራ ጣት ወደ ኋላ ተስቦ የሚቀባበለው ዓይነት ነው። ምላጩን መሳብ መቺውን ይለቀዋል እንጂ አያስነሣውም፤ ለሁለተኛው ጥይት ተኳሹ እንደ ገና በአውራ ጣቱ መሳብ አለበት። የእጀታው ቅርጽ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ስለ ተሠራ፣ ሽጉጡ በተኮሰ ጊዜ አፈሙዙ ወደ ላይ ሲነሣ እጀታው በመዳፍ ውስጥ ይንከባለላል፤ መቺውም ከአውራ ጣቱ አጠገብ ይደርሳል። አሜሪካኖች ይህን ቅርጽ በማረሻ እርፍ ስም ይጠሩታል፤ እርፍ ጨብጦ ያረሰ ሰው ሁሉ ንጽጽሩ የተገባ መሆኑን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ከጉብጠቱ ላይ በሞረድ ጥቂት ቢነሣ የመሣሪያው አያያዝ ይለወጣል፤ ስለዚህ በኋላ ዘመን ለዓይን እንዲያምር ተብሎ የተፋቀ እጀታ ለሥራው የማይመች ይሆናል፤ ይህም ራሱ አንድ መለያ ነው።

ከእነዚህ ሽጉጦች ሁሉ ስሙ የገነነው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1873 የተቀበለው የኮልት ሥራ ነው። የሠራው ፋብሪካ በኮኔቲከት አገር በሃርትፎርድ ከተማ ነበር፤ መሥራቹ ሳሙኤል ኮልት ግን በ1862 ሞቶ ነበርና ይህን ሽጉጥ አላየውም። የፈረሰኛው ጦር የተቀበለው ባለ 7 ኢንች ተኩል አፈሙዝ የሆነውን ነው። መንግሥት እስከ 1890ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ 37,000 ግድም ገዝቷል፤ ለሲቪሉ ሕዝብ የተሸጠው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

የዚህ ሽጉጥ የመጀመሪያው እጀታ ዋልነት ከሚባለው እንጨት፣ ከአንድ ግንድ ቁራጭ የተፈለፈለ ነው። ሁለት ጎን ቢኖረውም አንድ አካል ነው፤ በመካከሉ ሞላው የሚያልፍበት ቦይ ተቆፍሮለታል። ከኋላና ከፊት ሁለት ጎባጣ ብረቶች ያቅፉታል። የኋላው ብረት ከላይ በመቺው ግራና ቀኝ በሁለት ብሎን፣ ከታች በእጀታው ግርጌ በአንድ ብሎን ይታሰራል፤ እነዚህ ሦስቱ ካልተፈቱ እንጨቱ አይወጣም። ከዚህም ሌላ በፋብሪካው ሥርዓት እንጨቱ በብረቶቹ መካከል ከገባ በኋላ ከብረቱ ጋራ አብሮ ይሞረድና ይለሰልስ ነበር። ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ እጀታ ለአንድ ሽጉጥ ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው ቢባል አይበዛበትም። ወደ ሌላ ሽጉጥ ሲዛወር በአንድ በኩል ከብረቱ ከፍ፣ በሌላው በኩል ዝቅ ይላል፤ ጣትን በዳርቻው ላይ ቢያሳልፉ ዓይን የማያየውን ደረጃ ጣት ያገኘዋል።

እንግዲህ ለብቻው የተገኘን እጀታ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ አንድ አካል ነው ወይስ ሁለት ገጽ? የሚለውን ነው። በሬሚንግተን ቤት የተሠሩት፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን የነበሩትም ሆኑ የ1875ቱ፣ ሁለት የተለያዩ የዋልነት ገጾች ነበሩአቸው፤ በአንድ አግዳሚ ብሎን ይያያዛሉ። የስሚዝና ዌሰን የስኮፊልድ ሽጉጥም፣ ጦሩ ከ1875 ጀምሮ የገዛው፣ እንዲሁ ባለ ሁለት ገጽ ነው። (የሬሚንግተን ስም ለሀገራችን ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋራ የተዋጋው የግብጽ ጦር የያዘው የዚሁ ቤት ጠመንጃ ነበር። ነገር ግን ያ ረጅም ጠመንጃ ስለሆነ ከነገራችን ጋራ የሚያገናኘው የቤቱ ስም ብቻ ነው።) እንግዲህ በመካከሉ ለአግዳሚ ብሎን የተበሳ፣ በቀዳዳውም ዙሪያ የብረት ወይም የነሐስ ቀለበት የተቀበረበት የዋልነት ገጽ ከ1873ቱ የጦር ሠራዊት ኮልት ሊመጣ አይችልም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

ችግሩ የሚጀምረው በኮልት ቤት ውስጥ ነው። ከ1873 በፊት የነበሩት የኮልት ሽጉጦች፣ በተለይም የ1851ዱ «ኔቪ» እና የ1860ው «አርሚ»፣ እነርሱም ከአንድ ቁራጭ የተፈለፈለ እጀታ ነበራቸው። የ1860ው ረዘም ያለ ስለሆነ በመለኪያ ይለያል። የ1851ዱ ግን የ1873ቱን ቅርጽ ያወረሰ አባት በመሆኑ የሁለቱ ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። አሮጌ የ1851 እጀታ ከጥቂት ሞረድ በኋላ በ1873ቱ ላይ ሲቀመጥ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ዝውውር ሁልጊዜ ማታለል አይደለም፤ በጠረፍ ከተማ የሚኖር የመሣሪያ ጠጋኝ የተሰበረውን በእጁ በተገኘው ይተካ ነበር። እንዲያውም ለእኛ ይህ ዓይነቱ ጥገና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ሽጉጥ ይልቅ ብዙ የሚናገር ይመስለናል።

ከ1882 ግድም ጀምሮ ኮልት ለሲቪል ገዢዎች በተለመደው ሥራው ላይ እንጨቱን ትቶ ከጠጣር ጎማ የተሠሩ ሁለት ገጾችን ማድረግ ጀመረ። በዚያን ዘመን ንግግር ይህን «ጉታ ፔርቻ» ይሉታል። በዶጅ ሲቲ የሕግ አስከባሪነቱና የቁማርተኛነቱ ወሬ የተነገረለት ባት ማስተርሰን በ1885 ለፋብሪካው በጻፈው የትእዛዝ ደብዳቤ ሽጉጡ ኒኬል እንዲለበጥ፣ ምላጩ እንዲቀልለት፣ እጀታውም ጉታ ፔርቻ እንዲሆን ጠይቋል። በተረትና በሲኒማ የምናየው የምዕራብ ሰው ሁልጊዜ ጥቁር ቡናማ እንጨት ጨብጦ ይታያል፤ በእውነቱ ግን የሲኒማው ዘመን ነው በሚባለው በ1880ዎቹ ብዙው ሰው የጨበጠው ጥቁር ጎማ ነበር። እንጨት ይሻለኛል ያለ ገዢ ለብቻው ማዘዝ ይችል ነበር፤ የጦር ሠራዊቱ ግን እስከ መጨረሻው ግዢው ድረስ ከእንጨት አልወጣም። ስለዚህ አንድ ሰው ከ1880ዎቹ አጋማሽ የመጣ የሲቪል ሽጉጥ ነው እያለ የእንጨት እጀታ ቢያሳይ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን የማስረዳት ሸክሙ በእርሱ ላይ ነው።

ስለ ማስተርሰን ከተነሣ አይቀር፣ በእጀታ ላይ ስለሚቆረጠው ፈለግ አንድ ቃል እንናገር። ገዳይ በገደለው ሰው ቁጥር እጀታውን በቢላዋ ይፈልግ ነበር የሚለው ወሬ በአሜሪካ እጅግ የተስፋፋ ነው። ስለዚሁ ሰው የሚነገረው ቀልድ ደግሞ፣ ሽጉጥህን ሽጥልኝ እያለ ለነዘነዘው ሰብሳቢ አሮጌ ሽጉጥ ገዝቶ እጀታውን ራሱ ፈልጎ ሸጠለት ይላል። ቀልዱ እውነት ሆነም አልሆነም የገበያውን ጠባይ በትክክል ያሳያል፤ ገዢ የሚፈልገውን ታሪክ ሻጭ በቢላዋ ሊጽፍለት ይችላል።

አሁን ወደ ውስጠኛው ምስክር እንመለስ። በኮልት ፋብሪካ ዋና ዋናዎቹ የብረት ክፍሎች የሽጉጡን ተራ ቁጥር ይቀረጽባቸው ነበር፤ በአካሉ ሥር፣ በምላጩ መከለያ ላይ፣ በኋላው ብረት ግርጌ ላይ ይገኛል። እንጨቱ ግን በብረት ማኅተም ቁጥር አይመታበትም ነበር፤ ሠራተኛው ገጥሞ ካለሰለሰው በኋላ ከሌሎቹ ጋራ እንዳይደባለቅበት፣ የኋላው ብረት በሚሸፍነው ቦይ ውስጥ ቁጥሩን በቀለም ወይም በእርሳስ ይጽፍበታል። ይህ ጽሕፈት ለገዢ አልተጻፈም፤ ለመንግሥት መርማሪም አልተጻፈም። አንድ ሠራተኛ ለሌላው ሠራተኛ፣ ለዚያች ሳምንት ብቻ እንዲያገለግል የጻፈው ማስታወሻ ነው። የሚታመነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንንም ለማሳመን ያልተጻፈ ቃል ለመዋሸት ምክንያት የለውምና። በስሚዝና ዌሰን ሽጉጦችም የቀኙ ገጽ ውስጠኛ ፊት የሽጉጡን ቁጥር ተጽፎበት ወይም ተመትቶበት ይገኛል። በዘይት ውስጥ መቶ ዓመት የኖረ እንጨት ብዙ ጊዜ ጽሕፈቱን ይሸፍነዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

እርግጥ ነው፤ ቁጥርም ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን አሮጌ ጽሕፈት በእንጨቱ ቃጫ ውስጥ ጠልቆ፣ ከላዩ የዘይትና የዝገት ድርብ ተኝቶበት ይገኛል፤ አዲስ ጽሕፈት ከቆሻሻው በላይ ይተኛል። የትኛው ከትኛው በታች እንዳለ ማየት ለማንኛውም የጽሕፈት ተመራማሪ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው።

ስለ ማኅተሙ የምንለው ከዚህ የተለየ ነው። መንግሥት ሽጉጦቹን ሲረከብ ከስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ቤት የተላኩ መርማሪዎች እየመረመሩ፣ በተቀበሉት ሽጉጥ እጀታ ጎን ላይ የስማቸውን መነሻ ፊደላት በክፈፍ ውስጥ ይመቱ ነበር፤ በኋላም ዓመቱ ይጨመርበት ጀመር። ከ1873 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን የመረመረው ኦርቪል ኤንስዎርዝ ነው። በ1878 የሄንሪ ኔትልተን፣ በ1880ዎቹ የዴቪድ ክላርክ፣ በ1890 ግድም የሪናልዶ ካር ፊደላት ይገኛሉ። ማኅተሙ እንግዲህ ዘመንን በቀጥታ የሚናገር ይመስላል፤ በእውነተኛው እጀታ ላይም ይናገራል።

የኤንስዎርዝ ማኅተም ዋጋ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ልቋል። ምክንያቱ ከእጅ ሥራው ጥራት ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም። በሰኔ 25 ቀን 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ ሌተና ኮሎኔል ከስተርና አብሮት የነበረው የ7ኛው ፈረሰኛ ጦር ክፍል በላኮታና በሸየን ተዋጊዎች እጅ ሲያልቅ የታጠቀው በእርሱ የተመረመሩትን የመጀመሪያዎቹን ኮልቶች ነበር። ስለዚህ በግራ ጎኑ ሦስት ፊደላት የታተሙበት አሮጌ እንጨት «ምናልባት ከዚያ ሜዳ የመጣ ነው» የሚል አሳብ ያስነሣል፤ ይህ ምናልባት ደግሞ በገንዘብ ይመነዘራል። ለማኅተሙ አስመሳይ ብረት መሥራት ለአንድ ቀራጭ ከባድ አይደለም። ከዚያ አልፎ በነሐስ ምስማር የተሸለመ እጀታ ከሕንዶቹ እጅ የተገኘ ነው ተብሎ ይቀርባል። የሜዳው ሕዝቦች የጠመንጃ ሰደፍን በነሐስ ምስማር ያስጌጡ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በዚህ ዕውቀት ላይ ተንተርሶ አስመሳዩም ምስማሩን ይመታል። ቆይቶ የኖረ ነሐስ ከስብና ከዘይት ጋራ ሲገናኝ በዙሪያው ያለውን እንጨት አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ምስማሩ ሲነቀል ቀዳዳው ነጭና ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ጌጡ የትናንት ነው።

በዚህ ነገር የሚጐዳው ገንዘቡን የከፈለው ሰብሳቢ ብቻ ቢሆን በዚህ መጽሔት ለመናገር ባልደፈርን ነበር። ጉዳቱ ግን ከዚያ ያልፋል። የላኮታና የሸየን ሰዎች በዚያ ቀን ምን ወሰዱ፣ የወሰዱትን እንዴት ተጠቀሙበት፣ ምንስ አስጌጡበት የሚለው ጥያቄ በዕቃ ምስክርነት የሚመለስ ነው፤ ሐሰተኛው ዕቃ ሲበዛ እውነተኛው በመካከሉ ይጠፋል። ያልነበረ ጥበብ የአንድ ሕዝብ ጥበብ ተብሎ ይጻፋል።

እውነተኛውን ማኅተም ከሐሰተኛው ለመለየት ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ ማኅተሙን ለጊዜው ትቶ በዙሪያው ያለውን እንጨት ማየት ነው። ማኅተሙ የተመታው እንጨቱ አዲስ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበት መፋተግ ሁሉ ማኅተሙንም ደርሶበታል። ግርጌው የተቆራረሰ፣ ጎኑ የተላላጠ እጀታ ላይ ፊደላቱ ስል ሆነው ከተነበቡ ሁለቱ ምስክሮች ይጣላሉ፤ በጠባቸውም የምናምነው እንጨቱን ነው። የጦሩ የቆዳ ማኅደር በቀኝ ወገብ ተንጠልጥሎ የሽጉጡ እጀታ ወደ ፊት የሚያይ፣ ከላይም በቆዳ ክዳን የሚሸፈን ነበር። እንደዚህ ሲቀመጥ ወደ ውጭ የሚዞረው የሽጉጡ ግራ ጎን ነው፤ ስለዚህም በክዳኑ የሚታሸው ግራው ነው። በፈረሰኛ ወገብ ዓመታት የከረመ እጀታ በግራ በኩል የለሰለሰና የደበዘዘ ማኅተም ቢኖረው ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚንቁት ድብዝዝ ማኅተም በእኛ ዘንድ የተሻለ ተአማኒነት አለው።

የእንጨቱ አቀባብም ይናገራል። ለጦሩ የተሠራው በዘይት ብቻ የታሸ ነበር፤ ለሲቪሉ የተሠራው በቫርኒሽ ያበራ ነበር። ቫርኒሽ ያለው የመንግሥት ማኅተም ወይ በኋላ ተቀብቷል፣ ወይ በኋላ ታትሟል። ደግሞም እንጨት ሲደርቅ ወደ ጎን እንጂ ወደ ርዝመቱ እምብዛም አይኰማተርም። የእጀታው ቃጫ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ አሮጌው እጀታ በቁመቱ እንደ ነበረ ሆኖ በስፋቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ በእንጨቱና በብረቱ መካከል የምትታየው ቀጭን ክፍተት ከዚህ የመጣች ናት። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ እንጨት ግን በውፍረቱም በግርጌውም ያንሳል፤ ማዕዘኖቹም ክብ ይሆናሉ። ዕድሜ ያሳነሰውና ሰው ያሳነሰው እንዲህ ይለያያሉ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለበት ክፍል ይመጣል። ጦሩ በ1892 ጥይቱ አነስ ያለ ሌላ የኮልት ሽጉጥ ተቀብሎ አሮጌዎቹን ወደ ግምጃ ቤት መለሰ። ከ1895 ጀምሮ እስከ 1903 ድረስ በሺህ የሚቆጠሩት ከግምጃ ቤት ወጥተው ታደሱ፤ አፈሙዛቸውም ከ7 ኢንች ተኩል ወደ 5 ኢንች ተኩል ተቆረጠ። ሥራው በስፕሪንግፊልድና በኮልት ፋብሪካ ተከናወነ። የመጀመሪያዎቹ ለመድፈኞች ስለ ተሰጡ ሰብሳቢዎች ሁሉንም «የመድፈኛ ሽጉጥ» ይሉአቸዋል። ሲታደሱ ተፈታትተው በክምር ተደረጉ፤ ሲገጣጠሙ ግን ቁጥርን ከቁጥር ማገናኘት የማንም አሳብ አልነበረም። የአንዱ አካል ከሌላው አፈሙዝ፣ የሦስተኛው የኋላ ብረት ከአራተኛው እጀታ ጋራ ሆነ። አንዳንዱ እንጨት አሮጌው ማኅተሙ ሳይጠፋ የካር አዲስ ማኅተም ተጨመረበት።

እንግዲህ መንግሥት ራሱ ያደባለቀውን ማን ይለየዋል? በቦዩ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋራ ባይስማማ ነጋዴው «እጀታው የእርሱ አይደለም» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል፤ ወይም ይባስ ብሎ የሚስማማውን ፈልጎ ይተካዋል። በዚህ አድራጎት በኩባና በፊሊፒንስ ዘመቻ ዘመን በአንድ ወታደር እጅ አብረው የኖሩት ብረትና እንጨት ይለያያሉ፤ በቦታውም በ1874 ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚመስል፣ ነገር ግን በማንም እጅ እንዲህ ሆኖ ያልኖረ ሽጉጥ ይቆማል። ለታሪክ ተመራማሪ በአጭር አፈሙዝ ሽጉጥ ላይ የማይስማማ ቁጥር ያለው እጀታ ትክክለኛ ነው፤ ሁሉም ቁጥር የሚስማማበት የመድፈኛ ሽጉጥ ግን ጥያቄ ይገባዋል። የሰብሳቢው ሙሉነትና የተመራማሪው ሙሉነት በዚህ ላይ ይለያያሉ።

ስለ ኋለኞቹ ሥራዎች ረጅም ነገር አያስፈልግም። ኮልት ይህን ሽጉጥ መሥራት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግድም አቋርጦ በ1956 እንደ ገና ጀመረ። በዚያው ዘመን የስተርም ሩገር ፋብሪካ በ1953 እና በ1955 የራሱን በአውራ ጣት የሚቀባበሉ ሽጉጦች አወጣ። የእነዚህ እንጨት ሁለት ገጽ ሆኖ ክብ የብረት ምልክት የተቀበረበት ስለሆነ ከአሮጌው ጋራ የሚያሳስተው የለም፤ ክብ ምልክት ያለው የእንጨት ገጽ የ19ኛው ምእተ ዓመት የጦር ዕቃ አይደለም። በሩገር ዕቃ መካከል ራሱ ግን መለያየት አለ፤ የመጀመሪያው የእጀታ ብረት በውስጡ «ኤክስ አር 3» የሚል ምልክት ሲኖረው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተተካው ከምላጩ መከለያ በስተኋላ ለጣት ሰፋ ያለ ቦታ ስለ ሰጠ የአንዱ እንጨት ለሌላው በትክክል አይሆንም። ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከ1959 ጀምሮ በኢጣልያ በኡቤርቲ ቤት ከተሠሩት ቅጂዎች ነው። እነርሱ እንደ ጥንቱ ከአንድ ቁራጭ የተፈለፈለ እጀታ አላቸው። ቀይ ቫርኒሻቸው ተፍቆ፣ ዘይት ጠጥተው፣ ጥቂት ከተጐሳቈሉ በኋላ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ዕድሜያቸው በመቶ ዓመት ይጨምራል። በዛሬ ዘመን በእጅ የሚሠሩ ብዙ እጀታዎች ደግሞ ሁለት ጣውላ በመካከሉ በትንሽ ቁራጭ ተጣብቆ አንድ የመሰለ ነው፤ ከላይ በኩል የቃጫው መስመር በሦስት ሲከፈል ይታያልና ይህ ቶሎ ይጋለጣል።

በሊትል ቢግሆርን ሜዳ ላይ በ1983 ሣሩ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ከ1984 ጀምሮ የመሬት ቁፋሮ ጥናት ተደርጓል። ተመራማሪዎቹ ከቀለሃዎችና ከእርሳስ ጥይቶች ላይ የየመሣሪያውን ምልክት እያነበቡ አንድ ጠመንጃ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደ ተዘዋወረ ለማሳየት ችለዋል። ነሐስና እርሳስ በአፈር ውስጥ ይኖራሉ፤ እንጨት ግን ይበሰብሳል። በሜዳው ላይ ወድቆ የቀረ እጀታ ወደ እኛ አይደርስም፤ የደረሰን በሰው እጅ ተይዞ ከሜዳው የወጣው ነው፤ በሰው እጅ የቆየ ነገር ሁሉ ደግሞ ተፍቋል፣ ተቀብቷል፣ ተዛውሯል።

የኮልት ፋብሪካ የመላኪያ መዝገቦች ብዙዎቹ ተርፈዋል፤ በእነርሱም መሠረት ስለ አንድ ተራ ቁጥር መቼና ለማን እንደ ተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ስለ ሽጉጡ ነው። ለብቻው የተገኘ እንጨት ወደዚያ መዝገብ የሚገባበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በቦዩ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ሳይጸዳ ማስቀመጥ ነው። በአልኮል ወይም በሳሙና የታጠበ ቦይ ጥቀርሻውን ከነቁጥሩ ይሰጣል። መብራቱን በአግድመት አድርጎ ማየት የእርሳሱን ጭረት ያወጣዋል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ ደግሞ እርሳስንና የጥላሸት ቀለምን ከዘይቱ ሥር ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ ከብረት የተሠራው ቀለም ግን በዚህ ብርሃን ይጠፋልና ለእርሱ አልትራቫዮሌት ይሻላል። የመጨረሻው አኃዝ ብዙ ጊዜ የኋላው ብረት ከታች በሚታጠፍበት ቦታ ዝገት ተጋግሮበት ስለሚገኝ፣ ከቀሩት አኃዞች ተለይቶ ለብቻው ፎቶግራፍ ሊነሣ ይገባዋል።